ወንዝ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ መለኪያ ቱቦ ስትተክሉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ጣና ሐይቅ አጠገብ ባለው ፎገራ ሜዳ ላይ ቱቦ የሚተክል ሰው አይጠፋም። ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚመጣ ተማሪ አለ፣ ለፕሮጀክት የሚመጣ ባለሙያም አለ። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ርብ ወይም ጉማራ ወንዝ በዙሪያው ካለው የከርሰ ምድር ውሃ ይቀበላል ወይስ ይሰጣል? ትልቅ ጥያቄ ነው። በበጋ በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የሚያጠጣው ገበሬ ውሃው ከየት እንደሚመጣለት የምናውቀው በዚህ ነው። የሚያበሳጨኝ ያ ሁሉ ድካም በቀላሉ ሊታረም በሚችል ነገር ገደል ሲገባ ማየት ነው።

ከሁሉም የከፋው ከፍታ አለመለካት ነው። ሰዎች ቱቦውን ይተክላሉ፣ ሜትር ያወርዳሉ፣ «ውሃው 1.80 ላይ ነው» ብለው ይመዘግባሉ። ከዚያ ወንዙ ውስጥ የቆመውን ባለ ቁጥር እንጨት ያያሉ፣ «ወንዙ 0.60 ነው» ይላሉ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርገው ግራፍ ይሠራሉ። አንዱ ከቱቦው አፍ ወደ ታች የተለካ ነው፣ ሌላው ከእንጨቱ ዜሮ ወደ ላይ። የትኛው ውሃ ከፍ ብሎ እንዳለ ከዚህ ማንም ሊናገር አይችልም። ውሃ ከፍ ካለው ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለቱን ከፍታዎች በአንድ መነሻ ካላሰራችሁ ስለ ወንዙ ምንም አልለካችሁም ማለት ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ከፍታውን በእጅ ጂፒኤስ ይወስዳል፣ ይባስ ብሎ በስልክ። የእጅ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ በሜትሮች ይሳሳታል። ፎገራ ጠፍጣፋ ነው፤ በወንዙና በቱቦው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው በሴንቲሜትር ነው። ወንዙ ክረምት ከበጋ ሜዳውን ይመግባል የሚል ሪፖርት አንብቤያለሁ፣ በሙሉ ልብ የተጻፈ። ከፍታው የተወሰደው በእጅ ጂፒኤስ ነበር። በኋላ በሌቭል፣ ከፍታ በሚያነጻጽረው የቀያሽ መሣሪያ፣ ሲለካ የበጋው አቅጣጫ ተገልብጦ ተገኘ። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ፓምፕ የት ይቀመጥ የሚል ምክር ለገበሬዎች ሊሰጥ ነበር!

እባካችሁ ሌቭል ተዋሱ ወይም ተከራዩ። የማይነቃነቅ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ድልድይ ኮንክሪት ላይ፣ ምልክት አድርጉና የሁሉንም ቱቦ አፍና የወንዙን መለኪያ ከእሱ ጋር እሰሩ። ከዚያ ወደ ተነሳችሁበት ተመልሳችሁ ስህተቱን አረጋግጡ። ቱቦው አፍ ላይ በቀለም አንድ ነጥብ አድርጉ፣ ሁልጊዜ ከዚያች ነጥብ ለኩ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ድገሙት፤ ዋልካ አፈር ሲያብጥና ሲኮማተር ቱቦውን ይዞት ይንቀሳቀሳል። «ወንዝ ዝቅ ያለ ቦታ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ውሃ ወደሱ ነው የሚፈሰው» የሚለው ግምትም እዚህ አይሠራም። የጉማራ የታችኛው ክፍል በደለል እየሞላ ወለሉ ከፍ ብሏል።

ሁለተኛው የቱቦውን ዙሪያ አለመድፈን ነው። በኦገር (በእጅ በሚዞር የአፈር መሰርሰሪያ) የቆፈራችሁት ጉድጓድ ከቱቦው ይሰፋል። ያንን ክፍተት ባወጣችሁት አፈር ብቻ ሞልታችሁ ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ዝናብ በቱቦው ጎን ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ሲል ታዩና «የከርሰ ምድር ውሃው ለዝናብ ፈጣን ነው» ትላላችሁ። የለካችሁት ጎርፍ ነው። ቀዳዳ ባለው ክፍል ዙሪያ የታጠበ ሻካራ አሸዋ፣ ከሱ በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው አብጦ የሚደፍን ሸክላ)፣ ከዚያ በየንብርብሩ የተጠቀጠቀ አፈር፣ አናቱ ላይ ውሃ ወደ ውጭ የሚያንሸራትት ጉብታ። ቤንቶናይት ካልተገኘ የማይሰነጠቅ ሸክላ አፈር ፈልጉ። ዋልካውን መልሳችሁ አትድፈኑበት፤ በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስትጨርሱ አንድ ጄሪካን ውሃ በቱቦው ዙሪያ አፍስሱና ውስጡ ያለው ደረጃ አለመንቀሳቀሱን እዩ።

በጥቅምት አትቆፍሩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ውሃ ቅርብ ይገኛል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይመለሳል፣ መጋቢት ላይ ቱቦው ደርቆ ቁጭ ይላል። ውሃው በጣም የሚወርደው ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቆፍራችሁ ከውሃው በታች አንድ ሜትር ያህል ውረዱ። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ክንድ ያደክማል፣ አሸዋ ስታገኙም ጉድጓዱ ይናድባችኋል፣ ለዚያ ሰፋ ያለ ጊዜያዊ ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ።

ቱቦውን ከላይ እስከ ታች አትብሱት። እንደዚያ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ውሃ ተቀላቅሎ የማንም ያልሆነ ደረጃ ይሰጣችኋል። ወንዙ አጠገብ ከታች አጭር ክፍላቸው ብቻ የተበሳ ሁለት ቱቦዎች በተለያየ ጥልቀት ብትተክሉ ውሃው ወደ ላይ እየገፋ ይሁን ወደ ታች እየሰረገ ታያላችሁ። በሰጌቶ የምትቆርጡት ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ ደቃቅ አፈር ያስገባል፣ ስለዚህ አሸዋው ላይ አትቆጥቡ።

አንድ ቱቦ ብቻውን አቅጣጫ አይናገርም። ከወንዙ አፋፍ ጀምራችሁ ወደ ሜዳው በመስመር ትከሉ፣ ቢቻል በሁለቱም ዳር።

የቱቦው አፍ ከጎርፍ ከፍታ በላይ ይሁን። ሩዝ ማሳ ውስጥ ክረምት ውሃ ተኝቶ እንደሚከርም እያወቁ ቱቦ በመሬት ልክ የሚቆርጡ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሎገር (ቱቦው ውስጥ ሆኖ የውሃውን ደረጃ በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ) ለምትጠቀሙ ልጆች አንድ ነገር፣ ይህን ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሲስተው ስላየሁ። አየር የማያስገባ ሎገር የውሃውንም የአየሩንም ክብደት አብሮ ይለካል። የአየር ግፊት በአንድ ሚሊባር ሲቀየር ንባቡ በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይቀየራል። በኛ ኬክሮስ ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ 4 ሰዓት ረፋድ እና ወደ 4 ሰዓት ማታ ከፍ ይላል። ያንን ማዕበል አይታችሁ «ዛፎቹ ውሃ እየጠጡ ነው» እንዳትሉ። የዛፍ ምልክት በቀን አንዴ ነው። የአየር ግፊቱን ለብቻው የሚመዘግብ ሌላ ሎገር እዚያው አካባቢ አንጠልጥሉና ቀንሱት። በየሳምንቱም በእጅ እየለካችሁ አመሳክሩ፤ በዚያው ሰዓት የወንዙንም አንብቡ፣ ክረምት ላይ ወንዙ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ይጎድላል።

የማሳውን ባለቤት ሳታነጋግሩ አትትከሉ። ይህን ከቴክኒኩ እኩል አስቡት። በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ሳር ውስጥ የተደበቀ ቱቦ አይታየውም። እረኞች ጠጠር ይጨምሩበታል፣ ልጅ ጉድጓድ ሲያይ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፣ ይህ ደግሞ ጥፋት አይደለም። ድንበሩ ላይ ትከሉት፣ ክዳኑን ቆልፉ፣ ለምን እንደሆነ ለሰፈሩ አስረዱ፣ ለልጆቹም ውሃውን በባትሪ አሳዩአቸው። ጎረቤት ፓምፕ መቼ እንደሚነሳ የሚነግራችሁም እነሱ ናቸው፤ ፓምፑ ሲሠራ የወረደውን ደረጃ የወንዙ ሥራ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ።

በመጨረሻ፣ ተክላችሁ ወዲያው መለካት አትጀምሩ። ኦገር ሸክላ አፈርን ሲቆፍር ግድግዳውን ይለስነዋል፣ ውሃ አያስገባም። ጥርት እስኪል ቅዱት። ከዚያ ውሃ ጨምሩና ሲወርድ ሰዓት ይዛችሁ ተከታተሉ። አሸዋማ ቦታ ቶሎ ይወርዳል፣ ሸክላ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በማግስቱም ካልተነቃነቀ ቱቦው ተደፍኗል፣ አውጥታችሁ እንደገና ትከሉት።