ጠዋት ከደሴ ወጥቶ ማታ ደሴ መግባት

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቼ አንድ ዓመል አላቸው። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ማታ ደሴ ይገባሉ፤ እራት ቀርቦ እጃቸውን ሳይታጠቡ ስልካቸውን አውጥተው የነገውን ዕቅድ ያነቡልኛል። ጠዋት ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ ውጫሌ፣ ከሰዓት በኋላ ባቲ፣ ሲመለሱ ኮምቦልቻ ላይ ቡና። አንዷማ ግሸንንም ጨምራበት ነበር። ካርታው ላይ ሁሉም የእጅ ጣት ያህል ነው የሚራራቀው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት ስለሆንኩ ካርታ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠበቀውን ጊዜ የሚያሳይ ካርታ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ስልኩን አስቀምጡት እላቸውና ደብተር አወጣለሁ። የቀን ጉዞ የማቅደው ከታች ወደ ላይ እየጻፍኩ ነው። የገጹ የመጨረሻ መስመር ላይ «12 ሰዓት፣ ደሴ፣ ቤት» እላለሁ። ከእሱ በላይ ወደ ደሴ የሚመልሰን መኪና የሚነሣበት ሰዓት ይገባል፤ ከዚያ በላይ መኪናው እስኪሞላ የምንቀመጥበት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ ምሳ፤ ከዚያ በላይ ልናይ የመጣነው ነገር። የመነሻው ሰዓት የሚገኘው በስተመጨረሻ፣ ከገጹ አናት ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ እንግዶቼ ካሰቡት ሁለት ሰዓት ይቀድማል። ሲያኮርፉ ደብተሩን አዙሬ አሳያቸዋለሁ።

ይህን ያስተማረኝ መናኸሪያው ነው። በእኛ አገር ሚኒባስ የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ወንበሩ ሲሞላ ነው። ጠዋት ከደሴ መናኸሪያ ወደ ኮምቦልቻም ሆነ ወደ ሐይቅ ተሳፋሪ ሞልቷል፤ ገና ቦርሳችሁን ሳታስተካክሉ መኪናው ይንቀሳቀሳል። ከሰዓት በኋላ ከትንሽ ከተማ ስትመለሱ ግን ሦስት ሰው ጠፍቶ አንድ ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ረዳቱ «አብሽሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» ካላችሁ ገብታችሁ ባዶውን ወንበር ራሳችሁ ቁጠሩ። እኔ ለመመለሻ ሁልጊዜ ትርፍ ጊዜ እመድባለሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከትንሽ ከተማ መኪና መጠበቅ ዕድልን መፈተን ነው።

ሰባት ስምንት ሰው ከሆናችሁ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ስትዋዋሉ ግን ዋጋውን ብቻ ተነጋግራችሁ አትለያዩ። መኪናው የት የት እንደሚቆም፣ በየቦታው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያደርሳችሁ፣ የሹፌሩን ምሳ ማን እንደሚችል ከማታው ይለቅ። ጠብ የሚነሣው ሁልጊዜ ከቆይታ ነው፤ በዋጋ የተጣላ እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። ደሴ ያለችው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ተወርዶ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ባቲ ከዚያም ዝቅ ትላለች። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ስለሚለዋወጥ ጠዋት ጋቢ ለብሳችሁ ወጥታችሁ እኩለ ቀን ላይ ሸሚዝ ይከብዳችኋል። ጃኬቱን ግን ቤት እንዳትተዉት። ማታ ሐረጎን ስትወጡ መስኮቱን የሚዘጋው ማን እንደሆነ አይቼ የደሴ ሰውና እንግዳውን እለያለሁ።

ባቲ የሰኞ ናት። በሌላ ቀን ከሄዳችሁ ያያችሁት ሌላ ከተማ ነው። ሰኞ ግን ከቆላው አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ከዙሪያው ኦሮሞው፣ ከደጋው አማራው እህሉን ጭኖ ይገናኛሉ፤ በአንድ ድርድር ሦስት ቋንቋ ይሰማል። ከእህሉና ከጨርቁ ተራ አልፋችሁ ወደ ከብቱ ተራ ዝለቁ። ግመል ሲገዛ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ አንድ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። የፊት እግሩ ከጉልበቱ ታጥፎ በገመድ ታስሯል፤ በሦስት እግሩ ቆሞ ሰውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ያያል። ገዢው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ዳብሶ ይጫናል፣ ምንም ሳይናገር ትቶት ይሄዳል። ሻጩም አይጠራውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ያንኑ ሻኛ ይዳብሳል። ፎቶ ማንሣት ከፈለጋችሁ ሰውየውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ግመሉም ባለቤት አለው።

የእኔ ጥፋት የተፈጸመው እዚሁ ተራ ውስጥ ነው። የወንድሜን ሁለት ልጆች ይዤ ሄጄ፣ የአንዱ ግመል ዋጋ እስኪቆረጥ እንይ ብለን ቆምን። ተቆረጠና ቀና ስንል 10 ሰዓት ሆኗል። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደውን መኪና ሁሉ ገበያተኛው ከነሸክሙ ሞልቶታል፤ ከአንድ ጆንያ በርበሬና ከሁለት ዶሮዎች ጋር ተጨናንቀን ኮምቦልቻ የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና አልነበረም። ያደርነው የሩቅ ዘመድ ቤት ነው፤ ባዶ እጃችንን። አሁንም ድረስ ያቺን ዘመዴን ሳገኛት አንገቴን እደፋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የባቲ ገጼ አይለወጥም። ከታች ጀምሩ፦ 11 ሰዓት ደሴ፤ 10 ሰዓት ከኮምቦልቻ መነሣት፤ ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ዘግየት ያለ ምሳና ቡና፤ 8 ሰዓት ከባቲ መውጣት። ገበያው የሚደምቀው ከ4 እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ 4 ሰዓት ላይ ባቲ መድረስ አለባችሁ፤ ኮምቦልቻ ላይ መኪና መቀየሩን ጨምራችሁ ከደሴ የምትወጡት 1 ሰዓት ላይ ነው። ገበያ ውስጥ ዝርዝር ብር ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ የስልክ ገንዘብ የሰኞ ሻጭን አይረዳውም፤ ትልልቅ የብር ኖት ይዛችሁ አንድ ኪሎ ሎሚ መግዛትም ያሳፍራል።

ሐይቅ ከሁሉ ይቀላል፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከረፈደም ይደረሳል። ከከተማዋ ወደ ውኃው ዳር የሚያደርሳችሁ ባጃጅ ነው። ስትወርዱ የባጃጁን ሹፌር ስልክ ቁጥር ተቀበሉና የመመለሻ ሰዓት ቁረጡለት፤ ውኃ ዳር ሆኖ ባጃጅ መጥራት አስቸጋሪ ነው።

እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ዓሣ ማዘዝ ነው። ከመዞራችሁ በፊት ማለቴ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ገና ሊጸዳ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ሊተለተል፣ ዘይቱ ሊፈላ ነውና ጊዜ ይወስዳል። አዝዛችሁ ዞር ብላችሁ ስትመጡ ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሞ፣ ትልትሉ ተከፍቶ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር ይቀርባል። ከራሱ በኩል ጀምሩ፤ ጉንጩ ውስጥ ያለችውን ቁራጭ እንግዶች ሁልጊዜ ይተዋታል፤ እኔ አልተዋትም። ይህ ዓሣ ለሐይቁ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ በደርግ ዘመን ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንዲህ የተላመደ ሌላ አላውቅም።

ዓሣውን ያለ ምክንያት አላበዛሁትም። ወሎ ውስጥ አብሮ የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለበት ነው፤ የእኔ የጉዞ ጓደኛ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ የሆነች ሙስሊም ናት። ሥጋ ካሰባችሁ ሁለት ቤት፣ ሁለት ገበታ ሊሆን ነው። ዓሣ ላይ ግን ማን ባረከው የሚል ጥያቄ የለም፤ አንድ ትሪ ዙሪያ ሁላችንም እንቀመጣለን። ክርስቲያኖቹ በጾም ቀን ዓሣ መብላት አለመብላታቸውን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይለያል። በረመዳን ወር ደግሞ ጓደኛዬን ለቀን ጉዞ አልጠይቃትም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ቦታ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ ለገዳሙ ያስጻፉት ባለ ሥዕል አራቱ ወንጌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1280/81 ሥራ ነው። ሴት ግን አትገባም። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ለሁለት ይከፈል። ወንዶቹ «ቶሎ እንመጣለን» ብለው ይገባሉ፤ እናንተ አንድ ሰዓት ተኩል ጻፉ። እኛ ሴቶቹ በዚያ ጊዜ በጀልባ እንዞራለን። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ስለሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳታዩ አትሳፈሩ፤ ባለ ጀልባው «አያስፈልግም» ካለ ሌላ ባለ ጀልባ አለ። ጊዜ ከተረፈ ከፍ ብሎ የሚገኘው ሐርዲቦ ሐይቅ አለ። ውኃው በአንቸርካ ወንዝ ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቅ ወዲያ ግን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለም። ተማሪዎቼን ይህን ለማሳየት ስንት ጊዜ እንደወሰድኳቸው! የሚያስታውሱት ግን ዓሣውን ነው።

ወደ ሐይቅ ስትሄዱ ቦሩ ሜዳን ታልፋላችሁ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤውን ያደረጉት እዚያ ነው። ከመስኮት ማየቱ ይበቃል። ውጫሌ ግን ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፤ ከደሴ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ከከተማዋ ወጣ ይላል፤ መጓጓዣውን ውጫሌ ላይ ጠይቁ። ልጆች ከያዛችሁ በመንገድ ላይ ታሪኩን ንገሯቸው፦ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በኢጣሊያ በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። አንድ ግሥ ዐድዋ አደረሰን ስላቸው ሰዋስው ትምህርት ላይ ጆሯቸውን ይሰጣሉ፤ ለሁለት ቀን ያህል።

ግሸንን ከዝርዝሬ አውጥቻታለሁ። መስቀለኛው አምባ ሊታይ የሚገባው ስለሆነ ነው ያወጣኋት፤ አቀበቱን ወጥቶ፣ ተሳልሞ፣ በዚያው ቀን ደሴ ልግባ የሚል ሰው ሦስቱንም በጥድፊያ ያበላሻል። ማደሪያ ይዛችሁ ሂዱ። መስከረም 21 የንግሥ ቀን ከሆነማ ስለ ሚኒባስ የጻፍኩትን ሁሉ እርሱት፤ መንገዱ የሕዝብ ነው።

ወሩን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን የሚያክል የለም፤ ሜዳው ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ የጠራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሐረጎ ላይ ጉም ይወርድና ሹፌሩ የፊቱን መኪና መብራት ፍለጋ ይሄዳል፤ ያኔ የመመለሻውን ሰዓት በአንድ ሰዓት አስቀድሙት። ዓርብ ከ6 ሰዓት በኋላ ለጁምዓ የመኪናው ሰልፍ ይሳሳል፤ ሹፌሮቹ ሰግደው እስኪመለሱ ቡና ጠጡ።

የመንገዱን ደኅንነት ከማታው አንድ ጊዜ፣ ጠዋት እንደገና ጠይቁ። የምትጠይቁት በስልክ ያለ ዘመድን ሳይሆን በዚያው ማለዳ ከዚያ መንገድ የመጣ ሹፌርን ይሁን። ዛሬ ይቅርባችሁ ካለ ይቅር። ደሴ ውስጥ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ አይጠየፍን አይታችሁ፣ ከሰዓት በፊት ከሆነ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ በእግር ወጣ ብላችሁ ቀኑን መሙላት ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ጦሳ ደመና ይለብሳል።

አንድ ነገር ልርሳው ነበር። ከሐይቅ ጥሬ ዓሣ ወደ ቤት መውሰድ የምትፈልጉ፣ የምትገዙት ባጃጁ ሊመጣ ሲል ነው፤ ጠዋት ገዝታችሁ ፀሐይ ላይ አታውሉት። አስጸድታችሁ በሁለት ፌስታል አስሩትና ከእግራችሁ ሥር ይሁን። ከጎናችሁ ለሚቀመጠው ሰው መኪናው ሳይነሣ ንገሩት። ወሎዬ ከሆነ ዋጋውን ጠይቆ «ተበልታችኋል» ይላችኋል፤ እስከ ደሴም ስለዚያ ታወራላችሁ።