የሲጋራ ጥናት ልትገቡ ነው? ይሉኝታችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ግቡ

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። «በቀን ስንት ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለችኝ የጥናቱ ሴትዮ። ሳላስብ «አምስት፣ ቢበዛ ስድስት» አልኳት። ኪሴ ውስጥ ጠዋት የከፈትኩት ፓኮ አለ፤ ግማሹ አልቋል።

ከዚያ ስልክ የምታህል መሣሪያ ሰጠችኝ። ጫፏ ላይ የካርቶን ቱቦ ተሰክቷል። «አየር ሳብ፣ 15 ሰከንድ ያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ንፋ።» ነፋሁ። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 9፣ 15፣ 22። 27 ላይ ቆመ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጻፈችና ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀችኝ።

እዚህ ዲሲ አካባቢ መኪና የምንነዳ ሰዎች ተሳፋሪ ስንጠብቅ ማጨስ ልማዳችን ነው። እኔ ሲጋራ ለማቆም የሚረዳ ጥናት መግባቴ ከተሰማ ወዲህ «እንዴት ነው ነገሩ?» የሚለኝ በዝቷል። ስለዚህ እኔ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሩ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ቁጥር መቀነስ

አመላችን ነው። በእኛ ቤት ሲጋራ ከእናት ተደብቆ የሚጨስ ነገር ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትንባሆን ከልክለው እንደነበር ታሪክ ይነግረናል፤ ነውሩ ያኔም የነበረ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቀን ግማሹን እንውጣለን።

መሣሪያዋ የምትለካው ከሳንባችሁ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከጭሱ የሚገባውን ጋዝ ነው፤ ብዙ ስታጨሱ ቁጥሩ ይጨምራል። እሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚቀንስ «ከትናንት ማታ ጀምሬ ባላጨስስ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ለሱም መላ አላቸው፤ ምራቅ ወይም ሽንት ወስደው ኮቲኒን ይለካሉ። ኮቲኒን ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚቀረው ነገር ነው፤ ለቀናት ይቆያል።

ግን ዋናው መያዙ አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ስንት ታጨሳለህ ሲባል በምትናገሩት ቁጥር ነው። በፋርማሲ የሚሸጠውን፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፓች እንኳ ብታዩ፣ በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ በ21 ሚሊግራም ይጀምራል፣ 10 እና ከዚያ በታች የሚያጨስ ደግሞ በ14። የኒኮቲን ማስቲካውም ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚለኩስ ሰው 4 ሚሊግራም ነው፣ ለሌላው 2። በእኔ «አምስት» ቢሄዱ ኖሮ ደካማውን ለጥፌ ቀኑን ሙሉ ስናጥ እውል ነበር።

ሺሻንም ቁጠሩ። ከሰሉ ራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ ቅዳሜ ማታ ሺሻ ቤት አምሽቶ እሑድ ጠዋት የሚነፋ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጠዋል።

ሁሉም ጥናት ለማቆም የሚረዳ መስሎ መሄድ

ይኼን እኔም አላውቅም ነበር። አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ጭራሽ ማቆም የማያስበውን ሰው ነው። በ2015 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 840 አጫሾችን ይዞ ነበር፤ ኒኮቲኑ በጣም የተቀነሰ ሲጋራ ሰጥተው ሰዎቹ ስንት እንደሚያጨሱ አዩ። «ላቆም ነው» ያለ ሰው እዚያ አይገባም። ዋዛ ጥናት እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጥር 2025 በሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን እንዲገደብ ሐሳብ ያቀረበው በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ላይ ቆሞ ነው። ግን እናንተ ልታቆሙ ከሆነ በሩን ተሳስታችኋል። ስትደውሉ መጀመሪያ «ለማቆም የሚሰጥ ሕክምና አለው?» በሉ።

ሕክምና ካለውም ፕላሴቦ አለ። ዕጣ ይወጣል፤ ለአንዱ መድኃኒቱ፣ ለአንዱ ምንም የሌለበት ክኒን ይደርሰዋል። ነርሷም አታውቅም፣ እናንተም አታውቁም። «ባዶው ቢደርሰኝ ምክር አገኛለሁ? ጥናቱ ሲያልቅስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ገባህ? ሲሉ ራስ መነቅነቅ

ጋሼ የምንለው አንድ አንጋፋ ሾፌር አለ። ለአስተርጓሚነት የ14 ዓመት ልጁን ይዞ ሄደ። ልጅቷ አባቷ ማጨስ የተወ ነበር የሚመስላት። «አባዬ፣ በቀን ስንት ታጨሳለህ ነው የምትለው» አለችው። ጋሼ ልጁን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። «አላጨስም በያት» አለ። የሲጋራ ጥናት ላይ! ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ልጅ አታምጡ። የፌደራሉ ደንብ ጥናት ለመግባት የሚፈረመው የስምምነት ፎርም ቃል ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይሁን ይላል። በስልክም ሆነ በአካል አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እርግጥ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው የማይቀበሉ ጥናቶች አሉ፤ ያኔ ሌላ መፈለግ ነው።

ፎርሙ ረጅም ነው፤ ሃያ ገጽ የሚደርስም አለ። ከ2019 ወዲህ በፌደራል ደንብ የሚሄዱ ጥናቶች ዋና ዋናውን ነገር መጀመሪያው ላይ አጠር አድርገው እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ። ቢያንስ እሱን ሳታነቡ አትፈርሙ። በፈለጋችሁ ሰዓት ያለ ምንም ቅጣት መውጣት እንደምትችሉም እዚያው ተጽፏል። ይህ ወረቀት ዝም ብሎ አልመጣም። ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ሳይነገራቸውና ሳይታከሙ ተጠንተዋል። ያ ከወጣ በኋላ ነው ሕጉ የጠበቀው።

መድኃኒትን፣ ቡናንና ጫትን አለመናገር

«የምትወስደው ነገር አለ?» ሲሉ «የለም» ማለት ይቀናናል። ዳማከሴውንም፣ ከአዲስ አበባ በሰው የመጣውንም ክኒን ተናገሩ። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ። ሲጋራው ሲቆም ያው መጠን ደም ውስጥ ይከማቻል። ለምሳሌ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡትን ኦላንዛፒንን ወይም ክሎዛፒንን የሚወስድ ሰው መጠኑ ሊስተካከልለት ይገባል።

ቡናም እንደዚያው ነው። እኔ ባቆምኩ በሦስተኛው ቀን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ልቤ ይመታል። ሱሱ ነው ብዬ ነበር። ለካ አቦል፣ ቶናና በረካውን እንደ ድሮው እየጠጣሁ ነው። ሲጋራ ያቆመ ሰው ካፌይኑ ከሰውነቱ የሚወጣው ቀድሞ ከነበረው በግማሽ ፍጥነት ገደማ ነው። በአንድ ስኒ ስወሰን ረገበልኝ።

ጫት እዚህ አገር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ መናገሩ ያስፈራል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሚሠሩ ጥናቶች ግን የምሥጢር ጥበቃ ሰርተፊኬት አላቸው፤ ፍርድ ቤት እንኳ ማንነታችሁን የሚገልጽ መረጃ አምጡ ብሎ ሊያስገድዳቸው አይችልም። መኖሩን ጠይቁና ተናገሩ።

ስሜታችሁንም አትደብቁ። በ2009 ቫሬኒክሊን በሚባለው ሲጋራ ለማቆም የሚሰጥ መድኃኒት ላይ «የአእምሮ ሁኔታ ሊያውክ ይችላል» የሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። ከዚያ 8,144 ሰዎች የገቡበት ጥናት ተሠራ፤ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ያላቸው ነበሩ። የተፈራውን ያህል ችግር ስላልተገኘ በታኅሣሥ 2016 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። እነዚያ ሰዎች «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ እያሉ ቢመለሱ ይኼ አይታወቅም ነበር።

ገንዘቡን ብቻ ማየት

ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በየቀጠሮው እየተቆራረጠ ነው የሚሰጠው። ገቢ ስለሆነም ታክስ ይመለከተዋል። ሁለት ጥናት በአንድ ጊዜ መግባት ግን ቀልድ አይደለም፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰውነታችሁ ውስጥ ሲገናኝ የትኛው ሐኪም ይጠየቃል? ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጉት። የጥናቱን ቁጥር ጠይቁ፤ ኤንሲቲ ከሚሉት ሦስት ፊደላት ቀጥሎ ስምንት አኃዝ ነው። በመንግሥት የጥናቶች መዝገብ ላይ ፈልጉት። እዚያ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ግን መነሻ ይሆናል።

ሲያጨሱ መጥፋት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። በአራተኛው ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ውጭ ከቆሙት ጋር ቆምኩ፣ አንድ ፍሬ ተሰጠኝ። በነጋታው ፓኮ ገዛሁ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር፤ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሣሁም። ምን ብዬ?

የማላውቀው ነገር ነበር። የጠፋ ሰው በአብዛኞቹ ጥናቶች እንዳጨሰ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መደበቄ ምንም አልደበቀልኝም፤ ያስቀረብኝ እርዳታውን ብቻ ነው።

በአራተኛው ጥሪዋ አንሥቼ ሄድኩ። አንገቴን ደፍቼ ነፋሁ። 14። ጻፈችው። የት እንደለኮስኩ፣ ከማን ጋር፣ ፓቹ ተለጥፎ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ለቅሶ ቤት ውጭ ስለሚቆሙት ወንዶችም አስረዳኋት፤ እሱንም ጻፈች። ከዚያ ካላንደሯን ገለጥ አድርጋ «ቀጣዩ ማክሰኞ አራት ሰዓት ይመችሃል?» አለችኝ።