በአር ዳታ መተንተን ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ ኮሳ ቡና አምራቾች የሰበሰቡትን መጠይቅ ይዘው አር (R) በተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ትንተና የሚጀምሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት በቀይ የሚወጣውን የስህተት መልእክት ነው። ቀዩ መልእክት ግን ቢያንስ ያስቆማል፤ የሚያሰጋው ኮዱ ያለ ምንም እንከን ሠርቶ የተሳሳተ ቁጥር ሲያወጣ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተጻፈ ማስገባት ነው። ገበሬው ቡናውን የለቀመው ጥቅምት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሆነ መዝጋቢው 10/2/2015 ብሎ ይጽፋል። ቅደም ተከተሉ ቀን/ወር/ዓመት መሆኑ ሲነገረው አር ይህንን የሚያነበው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2015 አድርጎ ነው፤ ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 20 ቀን 2022 ነበር። ጥቅምት 30 የተባለ እንደሆነ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ጳጉሜም 13ኛ ወር በመሆኗ ዕጣዋ ይኸው ነው። ባዶው ይሻላል፣ ምክንያቱም ይታያል። ወራቱ ስለማይገጥሙ በዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መደመር ብቻ አይበቃም፤ ቀን፣ ወርና ዓመትን በየራሳቸው አምድ መዝግቦ በአግባቡ መቀየር፣ ከዚያም ጥቂቶቹን ከካላንደር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያልተመለሰ ጥያቄን በ99 መሙላት ነው። የአራት ሰዎች ዕድሜ 25፣ 30፣ 35 እና 99 ተብሎ ቢገባና የመጨረሻው «አልታወቀም» ማለት ቢሆን፣ አር 30 መሆን የነበረበትን አማካይ 47.25 ያደርገዋል። ይህንን ፈርተው ቦታውን በትክክል ባዶ የሚያደርጉትም ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል፦ ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌሎች ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚገምት ስሌት) ሲሠራ አር ባዶ ያለባቸውን ረድፎች ራሱ ያስወጣል፣ የወጡትንም ብዛት የሚነግረው በውጤቱ ግርጌ በአንዲት መስመር ነው። ያቺን መስመር ሳያነቡ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አይገባም።

የመለኪያና የአጻጻፍ መደበላለቅም ቀላል አይደለም። አንዱ ገበሬ ምርቱን 5 ፈረሱላ፣ ሌላው 85 ኪሎ ቢል ሁለቱም ያው ናቸው፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና፤ አር ግን የሚያየው 5 እና 85ን ብቻ ነው። እንዲሁም «ሊሙ ኮሳ» እና «ሊሙ ኮሣ» ለአንባቢ አንድ ወረዳ ሲሆኑ ለአር ሁለት ናቸው፤ ከስሙ ኋላ የቀረች ክፍት ቦታም ሦስተኛ ወረዳ ትፈጥራለች። ከማንኛውም ስሌት በፊት የእያንዳንዱን ምድብ ድግግሞሽ በሠንጠረዥ ማውጣት ይህንን ወዲያው ያጋልጣል።

በቁጥር አምድ ውስጥ «አላውቅም» የሚል አንድ ቃል ከገባ ዓምዱ በሙሉ ጽሑፍ ይሆናል። በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአር 4.0.0 በፊት ባሉ ሥሪቶች፣ ፋይሉ ሲነበብ ጽሑፉ በራሱ ወደ ምድብ (ፋክተር) ይለወጥ ስለነበር፣ ያንን መልሶ ቁጥር ማድረግ የሚሰጠው ዋጋውን ሳይሆን የምድቡን ተራ ቁጥር ነው። የቆዩ የላብራቶሪ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ሥሪቱን አስቀድመው ይመልከቱ።

በመጨረሻም ዋናውን ፋይል በኤክሴል ከፍቶ ማረም ይቅር፤ እርማቱ ሁሉ በስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹ ተጽፈው በሚቀመጡበት ፋይል፣ ይጻፍ። ትእዛዞችን በኮንሶሉ (ትእዛዝ ተጽፎ ወዲያው በሚሠራበት መስኮት) ላይ ብቻ እየጻፉ የሚሠሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራሉ። ስክሪፕቱንም አርን ዘግቶ እንደገና በመክፈት ከላይ እስከ ታች ማስኬድ ተገቢ ነው፤ ትናንት በማኅደረ ትውስታ የቀረ ዳታ ዛሬ የጎደለውን መስመር ሊሸፍን ይችላል።