ምሥራቅና ምዕራብ የሚለያዩት የት ላይ ነው? ስለ ሜሪዲያን ሲነገር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ምድር በሰሜንና በደቡብ፣ ደግሞም በምሥራቅና በምዕራብ ንፍቀ ክበብ እንደምትከፈል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እንማራለን። ሁለቱ አከፋፈሎች አንድ ዓይነት መስለው ቢቀርቡም አይመሳሰሉም። የምድር ወገብን ማንም አልመረጠውም፤ ምድር በዛቢያዋ ስለምትሽከረከር ከሁለቱ ዋልታዎች እኩል የሚርቀው ክብ አንድ ብቻ ነው። ከዋልታ ወደ ዋልታ ከሚዘረጉት ሜሪዲያኖች መካከል ግን አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ተፈጥሯዊ ምልክት የለም። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ከመዘንጋት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በለንደን፣ በግሪንዊች የሚያልፈውን የዜሮ ዲግሪ መስመር ተፈጥሮ ያሰመረችው አድርጎ መቁጠር ነው። የጥንቱ የጂኦግራፊ ሊቅ በጥሊሞስ ቆጠራውን የጀመረው በዘመኑ የምዕራብ ዳርቻ ተብለው ከሚታወቁት የአትላንቲክ ደሴቶች ሲሆን፣ በኋለኛው ዘመን ፈረንሳዮች ከፓሪስ፣ እንግሊዞች ከግሪንዊች ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሲሰጡ 22ቱ ግሪንዊችን ደገፉ፤ ሳን ዶሚንጎ (የዛሬዋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ) ተቃወመች፤ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ውሳኔው ያዘነበለው በዚያን ጊዜ አብዛኛው የባሕር ንግድ በእንግሊዝ ካርታዎች ይመራ ስለነበር እንጂ ቦታው የተለየ ነገር ስላለው አልነበረም።

መስመሩ እስከ ዛሬ ድረስ የነበረበትን ቦታ አልለቀቀም ብሎ ማሰብም የዚሁ ስህተት ቅጥያ ነው። ግሪንዊች የሚሄድ ጎብኚ በመሬቱ ላይ የተቀበረውን የብረት መስመር ረግጦ ስልኩ የሚያሳየውን የቦታ መለኪያ ቢያይ ዜሮ አያነብም፤ ዜሮውን ለማግኘት ወደ ምሥራቅ 102 ሜትር ያህል መራመድ አለበት። የድሮው መስመር ከ1851 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በሥነ ፈለክ ሊቁ በጆርጅ ኤይሪ ቴሌስኮፕ የተወሰነ ሲሆን፣ መሣሪያው ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጠው በአካባቢው የስበት አቅጣጫ ነበር። በየቦታው የተንጠለጠለ ቱንቢ ደግሞ በትክክል ወደ ምድር መካከል ላያመለክት ይችላል። ሳተላይቶች የሚቆጥሩት ከራሷ ከምድር መካከል በመሆኑ ልዩነቱ ተገለጠ።

ሁለተኛው ስህተት አንድ ሜሪዲያን ብቻውን ምድርን ለሁለት ይከፍላታል ማለት ነው። ሜሪዲያን ግማሽ ክብ ነው፤ ከሰሜን ዋልታ ተነስቶ ደቡብ ዋልታ ላይ ያበቃል። ሁለት ንፍቀ ክበብ እንዲገኝ በጀርባ በኩል ያለው ጓደኛው፣ ማለትም የ180 ዲግሪው መስመር፣ ሊገጥመው ይገባል። እዚህ ላይ የድሮ አትላሶች ብዙ ተማሪ አሳስተዋል። ምድርን በሁለት ክቦች ሲያሳዩ አፍሪካንና አውሮፓን ከመሐል ላለመቁረጥ ሲሉ ድንበሩን በ20 ዲግሪ ምዕራብና በ160 ዲግሪ ምሥራቅ ያደርጉ ነበር። በዚህም ምክንያት በ17 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለችው ዳካር «ምሥራቅ» በተባለው ክብ ውስጥ ተስላ ትታያለች። ካርታው አልተሳሳተም፤ የተከተለው ስምምነት ግን ሌላ ነው፤ አንባቢ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ይህንኑ ነው።

ፖለቲካዊውን «ምዕራብ» ከምዕራብ ንፍቀ ክበብ ጋር ማምታታት ደግሞ በዜናና በንግግር ዘወትር የምንሰማው ነው። በርሊን፣ ሮምና ስቶክሆልም ሁሉም በምሥራቅ ንፍቀ ክበብ ናቸው፤ ባማኮና አቢጃን ግን በምዕራብ። በጋና የቴማ ከተማ ደግሞ የዜሮው መስመር ራሱ ያልፋል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን ረቀቅ ያለ አንድ ስህተት አለ። የምድር ወገብና የግሪንዊች መስመር ሁለቱም ስለሚያቋርጧት አፍሪካ በአራቱም ንፍቀ ክበቦች ውስጥ ትገኛለች መባሉ ትክክል ነው። ሆኖም ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው በአራቱም ሩቦች ውስጥ መሬት አላት» ማለት ያሳስታል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት በጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ውኃ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው ሩብ ውስጥ ከአህጉሪቱ ዋና ምድር አንድ ክንድ እንኳ አይገኝም።

ቁጥሮችን ማገላበጥ በተግባር ብዙ ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት ነው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይለካል፤ ከ90 ዲግሪም አያልፍም። ኬንትሮስ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እስከ 180 ይቆጠራል። አዲስ አበባ በ9.03 ሰሜንና በ38.74 ምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱን ቁጥሮች ያቀያየረ ሰው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተ ደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገባል፤ ከ38.74 ፊት የመቀነስ ምልክት ያስገባ ደግሞ ወደ ምዕራብ ንፍቀ ክበብ ተሻግሮ አትላንቲክ ላይ ይቀራል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ኬክሮስ የዕለት ስድሳኛ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ ከሰዓት ጋር የተሳሰረው ኬንትሮስ ሆኖ ሳለ የጊዜው ስም ለሌላኛው መሰጠቱ ግራ መጋባቱን ሳያባብሰው አልቀረም።

የቀን መለወጫው መስመር ከ180 ዲግሪው ሜሪዲያን ጋር አንድ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም፤ መስመሩ አገሮችን ላለመክፈል ይጠማዘዛል። ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓርብ ታኅሣሥ 30ን ዘልላ ወደ ሌላው ወገን ስትሻገር ደሴቶቿ ከምዕራብ ንፍቀ ክበብ አልወጡም፤ የተቀየረው የቀን መቁጠሪያዋ ብቻ ነው።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ስህተት ግን ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው ልክ በስድስት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ሜሪዲያን የሚለው ቃል ራሱ ቀትር ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በአንድ ሜሪዲያን ላይ ያሉ ቦታዎች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ቀትር ይሆንላቸዋል። ምድር 1 ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው ግን በአዲስ አበባ ሜሪዲያን ላይ ሳይሆን በኦጋዴን በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ በግቢ መሐል ቀጥ ያለ ዘንግ ተክሎ ጥላውን የሚከታተል ሰው፣ ጥላው እጅግ አጥሮ የሚያገኘው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ነው፤ የምድር ምሕዋር ፍጹም ክብ ባለመሆኑና ዛቢያዋም ያዘነበለ በመሆኑ እንደየወቅቱ እስከ ሩብ ሰዓት ገደማ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ጅግጅጋ ላይ ይኸው ቀትር 6 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ጋምቤላ ላይ 6 ሰዓት ከ42 ይሆናል። ኢየሩሳሌም የሚኖር ሰውና አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዱ ቀትርን የሚያዩት በ14 ደቂቃ ልዩነት ነው፤ የግድግዳ ሰዓታቸው ግን እስራኤል ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት እኩል ይሆናል፣ በቀሩት ወራት አንድ ሙሉ ሰዓት ይለያያል።