ሞደስ ቶለንስን እንዴት እንጠቀምበታለን?

ሞደስ ቶለንስ ከሎጂክ መሠረታዊ ሕጎች አንዱ ሲሆን ቅርጹ አጭር ነው፦ ሀ ከሆነ ለ ይሆናል፤ ለ አልሆነም፤ ስለዚህ ሀ አልሆነም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የስቶይኮች (የጥንት ግሪክ የፍልስፍና ወገን) ፈላስፋ ክሪሲጶስ ማረጋገጫ አያሻቸውም ካላቸው አምስት የሙግት ዓይነቶች ሁለተኛው ይኸው ነው። የስቶይኮቹ ምሳሌ «ቀን ከሆነ ብርሃን አለ፤ ብርሃን የለም፤ ስለዚህ ቀን አይደለም» ይላል። ሐኪሙም መካኒኩም ግምታቸውን የሚጥሉት በዚሁ መንገድ ስለሆነ በደንብ ቢለመድ ይጠቅማል።

መጀመሪያ ንግግሩን በ«ከሆነ» መልክ ጻፉት፦ «መብራት ከሄደ ፍሪጁ ይጠፋል።» መብራት መሄዱ ሀ፣ የፍሪጁ መጥፋት ለ ነው። «ብቻ» የሚል ቃል ካለ ግን ረጋ በሉ። «መታወቂያ ካለህ ብቻ ትገባለህ» ማለት «ከገባህ መታወቂያ አለህ» ማለት ነው፤ ሀ እና ለ ቦታ ይለዋወጣሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ እውነት መሆኑን አጣሩ። ቤቱ ጄነሬተር ካለው መብራት ቢሄድም ፍሪጁ ላይጠፋ ይችላል። መነሻው ውሸት ከሆነ የሙግቱ ቅርጽ ቢያምርም ድምዳሜው አይታመንም።

ከዚያ ለ ን በትክክል አፍርሱ። «ፈተናው ቀላል ከሆነ ሁሉም ተማሪዎች ያልፋሉ» ከተባለ፣ ለ ን ለማፍረስ ሁሉም መውደቅ የለባቸውም፤ አንድ ተማሪ ከወደቀ ይበቃል። ይህ ከተረጋገጠ «ፈተናው ቀላል አልነበረም» ብላችሁ ደምድሙ።

ይህን ሕግ የሚመስሉ፣ ግን የማይሠሩ ሁለት ሙግቶች አሉ። አንደኛው «ፍሪጁ ጠፍቷል፤ ስለዚህ መብራት ሄዷል» የሚለው ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «መብራት አልሄደም፤ ስለዚህ ፍሪጁ አልጠፋም» የሚለው ሲሆን የሚወድቀውም በዚያው ሶኬት ነው።

ጥርጣሬ ከገባችሁ በቁጥር ሞክሩት። «አንድ ቁጥር ለ10 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ለ5ም ይካፈላል» እውነት ነው። 37 ለ5 አይካፈልም፤ ስለዚህ ለ10 አይካፈልም፤ ሳናካፍል አወቅነው። 35 ግን ለ5 ቢካፈልም ለ10 አይካፈልም፤ ሁለቱንም የተሳሳቱ ሙግቶች ለመጣል ይህ አንድ ቁጥር ብቻውን ይበቃል።