የታዳሽ ኃይልና የኃይል ቁጠባ ፖሊሲ ሲረቀቅ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ግብ ማስቀመጥ የፖሊሲው ቀላሉ ክፍል ነው። ዕቅዱን የሚያሠምሩትም የሚያከሽፉትም ከግቡ ሥር የሚጻፉት ዝርዝሮች ናቸው፦ ማን ይከፍላል? ማን ይለካል? ዋጋ ሲለወጥ ማስተካከያው በምን ቀመር ይሠራል? ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይጻፍ ሲቀር የሚከሰቱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግቡን በሜጋዋት ብቻ መጻፍ

ሜጋዋት አንድ ማመንጫ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የሚሰጠውን ኃይል ይነግረናል። ሸማቹ የሚጠቀምበትና የሚከፍልበት ግን ኪሎዋት ሰዓት ነው። 1,000 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ የዓመት አማካይ ምርቱ ከአቅሙ 20 በመቶ ከሆነ 1,752 ጊጋዋት ሰዓት ይሰጣል (አንድ ጊጋዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው)። እኩል አቅም ያለው የነፋስ ማመንጫ ጥሩ ነፋስ ባለበት ቦታ 35 በመቶ ቢደርስ 3,066 ጊጋዋት ሰዓት ያመነጫል። በሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ሆነው ይታያሉ።

የሜጋዋት ግብ ሌላም መዘዝ አለው፤ ኃይሉን የሚወስድለት መስመር የሌለው ተርባይንም እንደ ስኬት ይቆጠራል። ቻይና በ2016 ከነፋስ ልታገኝ ትችል ከነበረው ኤሌክትሪክ 17 በመቶ ያህሉን ሳትጠቀምበት ቀርታለች፤ በጋንሱ ክፍለ ሀገር ደግሞ ብክነቱ 43 በመቶ ደርሶ ነበር። ተርባይኖቹ ተተክለዋል፤ ኃይሉን ሕዝብ ወደሚበዛበት ምሥራቅ የሚያደርሰው የማስተላለፊያ መስመር ግን አልበቃም፤ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችም የተመደበላቸውን የሥራ ሰዓት አልለቀቁም።

ስለዚህ ግቡ በዓመት ለተጠቃሚ በሚደርስ ጊጋዋት ሰዓት ይጻፍ። የመስመሩ ጥናት ደግሞ ከማመንጫው ጨረታ ይቅደም። የፀሐይ ማመንጫ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ሊተከል ይችላል፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ግን ከመሬት ካሳውና ከፈቃዱ ጋር ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወስዳል።

የግዢ ታሪፉን ያለማስተካከያ ቀመር ማወጅ

የግዢ ታሪፍ የታዳሽ ኃይል አምራች ለሚሸጠው ኪሎዋት ሰዓት እንዲከፈለው አስቀድሞ የሚወሰን ዋጋ ነው። ከሁሉም ውድ ዋጋ ያስከፈለው ስህተት ይህ ነው። ስፔን በ2007 ባወጣችው ድንጋጌ ለአነስተኛ የፀሐይ ማመንጫዎች በኪሎዋት ሰዓት 44 የዩሮ ሳንቲም ያህል እንደምትከፍል ቃል ገባች። የታሰበው 371 ሜጋዋት ነበር። ኮታው ሊሞላ ሲቃረብ ታሪፉ እስከ መስከረም 2008 እንዲቀጥል ተፈቀደ፤ ባለሀብቱም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ለመድረስ ተሽቀዳደመ፤ በ2008 ብቻ ከ2,500 ሜጋዋት በላይ ተተከለ። ከደንበኞች የሚሰበሰበው ገንዘብ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱን ወጪ መሸፈን ካቃተው ቆይቶ ነበር፤ ይህ ሲጨመርበት የተጠራቀመው ጉድለት ከ25 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሆነ። በኋላም መንግሥት ቀድሞ ሥራ የጀመሩ ማመንጫዎችን ክፍያ ሳይቀር ስለቀነሰ ባለሀብቶች በዓለም አቀፍ ግልግል ከሰሱት። ሁለት ጉዳት በአንድ ድንጋጌ፦ ዕዳና የታጣ እምነት።

ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ለ20 ዓመት የሚጸና ዋጋ ሰጥታለች፤ ነገር ግን አዲስ የሚገባው ማመንጫ የሚያገኘው ዋጋ በየዓመቱ እንዲወርድ አድርጋለች። ያም ቢሆን የፀሐይ ፓናል ከታሪፉ ፈጥኖ ስለረከሰ ከ2010 እስከ 2012 በየዓመቱ ከ7,000 ሜጋዋት በላይ ተተከለ። ስለዚህ በ2012 ቅነሳውን ወርኃዊ አደረገችው፤ በ2017 ደግሞ ትልልቆቹን ማመንጫዎች ወደ ጨረታ አዛወረች።

በሕጉ ውስጥ መግባት ያለበት እንግዲህ ይህ ነው። በአንድ ሩብ ዓመት የተተከለው መጠን ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ፣ የቀጣዩ ሩብ ዓመት ዋጋ ማንም ሳይሰበሰብበት በራሱ ይወርዳል። ከጣሪያው በታች ከሆነ ባለበት ይቆያል ወይም ይጨምራል። የተፈረመ ውል ግን በምንም ምክንያት አይነካም።

በጨረታ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ ማየት

ብሪታንያ በ1990ዎቹ ባካሄደቻቸው ጨረታዎች ውል ካገኘው አቅም የተገነባው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። ያልገነባ አሸናፊ ቅጣት ስላልነበረበት፣ ተጫራቹ “ወደፊት ዕቃው ይረክሳል” ብሎ የማይቻል ዋጋ ይሰጥ ነበር። የጨረታ ማስከበሪያ፣ ሲያሸንፍ ደግሞ የውል ማስከበሪያ፣ የመሬት መብት ማስረጃ፣ የመስመር ግንኙነት ጥናትና የማጠናቀቂያ ቀን ይጠየቅ። ማስከበሪያው ከልክ በላይ ከሆነ ግን ትንንሾቹን ተጫራቾች ያስወጣል፤ መጠኑን በፕሮጀክቱ ስፋት መለያየት ይሻላል።

ድጋፉን በየጊዜው ማብራትና ማጥፋት

አሜሪካ ለነፋስ ኃይል የምትሰጠው የግብር ቅናሽ በ2012 መጨረሻ መራዘሙ አጠራጣሪ ነበር። በዚያ ዓመት 13,000 ሜጋዋት ያህል ተተክሎ በ2013 ወደ 1,100 ወረደ። ፋብሪካ እንዲህ ባለ ገበያ ሠራተኛ ይዞ መቆየት አይችልም።

የብቃት መለያ ለጥፎ ምርመራውን መተው

ዕቃው ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ ለማሳየት ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ኮከብ ወይም ፊደል ዋጋ የሚኖረው የሚያረጋግጠው ሲኖር ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የመለኪያ ደረጃ ይጽደቅ፤ ቀጥሎ ዕውቅና ያለው ላቦራቶሪ ይዘጋጅ፤ ከዚያ መለያው ግዴታ ይሁን፤ በየዓመቱም ናሙና ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ተገዝቶ ይመርመር። ናሙናውን ራሱ አምራቹ ካቀረበ ተመርጦ የመጣ ዕቃ ነው የሚመረመረው። የወደቁት ሞዴሎች ዝርዝር በይፋ ይውጣ፤ ከገንዘብ ቅጣት ይበልጥ የሚፈራው ይህ ነው።

መለኪያውም የአገሩን አየር ይምሰል። ዓለም አቀፉ የፍሪጅ መለኪያ በ16 እና በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመዝናል፤ ሞቃት አገር ለ32ቱ ውጤት የበለጠ ክብደት ሰጥቶ ዓመታዊ ፍጆታውን ማስላት ይገባዋል።

ደረጃ ያረጃል። በአውሮፓ ኅብረት አብዛኛው ዕቃ ወደ ላይኛው ደረጃ ተሰብስቦ ኤ ፊደል ላይ እስከ ሦስት የመደመር ምልክት ተጨምሮ ነበር፤ በ2021 ግን መለኪያው ከኤ እስከ ጂ እንደ አዲስ ተሠርቶ የላይኛው ደረጃ ሆን ተብሎ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተተወ። ጃፓን ከ1999 ጀምሮ የተሻለ መንገድ ይዛለች፤ ዛሬ በገበያ ላይ ካለው ዕቃ እጅግ ቆጣቢው፣ ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ እያንዳንዱ አምራች በሚሸጠው አማካይ ሊደርስበት የሚገባ ደረጃ ይሆናል። የክለሳው ቀን በሕጉ ካልተጻፈ ክለሳው አይመጣም።

ሌላው ቀዳዳ ያገለገለ ዕቃ ነው። ሌላ አገር የተጣለ ፍሪጅ በርካሽ የሚገባ ከሆነ የአዲሱ ዕቃ ደረጃ ብቻውን ፍጆታን አይቀንስም። ጋና ያገለገለ ፍሪጅ ማስገባትን ከ2013 ጀምሮ ከልክላለች፤ ጎን ለጎንም አሮጌውን ለሚመልስ ሰው በአዲሱ ላይ ቅናሽ ሰጥታለች።

አምፖልን በዋት መግዛት

የመንግሥት ግዢ ዝርዝር “9 ዋት ኤልኢዲ” ብቻ ካለ ደብዛዛ አምፖል ይቀርብለታል፤ ሕዝቡም አውልቆ አሮጌውን ይመልሳል። 60 ዋቱን አሮጌ አምፖል የሚተካ አምፖል 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል መስጠት አለበት፤ የዋስትናው ዘመንና የቮልቴጅ መዋዠቅን የመቋቋም ችሎታውም ይጻፍ። ህንድ ፍላጎቱን አሰባስባ በጅምላ በመግዛቷ የአንዱ አምፖል የግዢ ዋጋ በ2014 መጀመሪያ ከነበረበት 310 ሩፒ በጥቂት ዓመታት ከ40 በታች ወርዷል።

አከፋፋዩን ከራሱ ገቢ ጋር ማጣላት

የኤሌክትሪክ አከፋፋዩ ገቢ በሸጠው ኪሎዋት ሰዓት ልክ ከሆነ፣ “ደንበኞችህን አስቆጥብ” ማለት “ገቢህን ቀንስ” ማለት ነው። ካሊፎርኒያ በ1982 የጀመረችው አሠራር ይህን ይፈታል፤ ተቆጣጣሪው ለድርጅቱ የሚፈቀደውን ዓመታዊ ገቢ አስቀድሞ ይወስናል፣ ሽያጭ ከታሰበው ካነሰ በቀጣዩ ታሪፍ ይካካሳል፣ ከበለጠ ለደንበኛው ይመለሳል።

የመነሻውን ፍጆታ ሳይለኩ ቁጠባ ማወጅ

60 ዋት በ9 ዋት ሲተካ፣ በቀን 4 ሰዓት ቢበራ፣ በዓመት 74 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጠባል። ይህን በተከፋፈለው አምፖል ቁጥር አባዝቶ ማወጅ ግን ያሳስታል። አንዳንዱ አምፖል መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ አንዳንዱ ቀድሞም ቆጣቢ የነበረን ይተካል፣ መብራት ረከሰ ብሎ ረዘም ላለ ሰዓት የሚያበራም አለ። ትክክለኛው መንገድ ከእደላው በፊት ናሙና ቤቶችን መርጦ ፍጆታቸውን መመዝገብ፣ አምፖሉ ካልደረሳቸው ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ለአንድ ሙሉ ዓመት ማነጻጸር ነው። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይያዝ፤ አሮጌዎቹ አምፖሎች ተሰብስበው ከተወገዱ በኋላ መነሻውን መልሶ መለካት አይቻልም።