ሽቦ ሲያያዝ የሚሠሩ ስህተቶች፦ እርሳስ ወይስ ካፖኮርዳ?

በባሕር ዳር በቤትም፣ በባጃጅም፣ በጀልባም የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚያስቆጣኝ፣ የባለ ብዙ ክር ሽቦን ጫፍ የብየዳ እርሳስ አጠጥቶ በሞርሴቶ (የሽቦ ማገናኛ) ብሎን ሥር ማሰር ነው። ጫፉ ጠንክሮና አምሮ ስለሚታይ ጀማሪው የተሻለ የሠራ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ይህ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ለስላሳ በመሆኑ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ የላላውም ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይብስ ይላላል። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚወስድ፣ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሶኬቱን አጥቁሮ ላስቲኩን ያቀልጣል። እባካችሁ እርሳሱን ተዉት፤ ክሩን ጫፉ ላይ በሚገባ በልኩ ቱቦ ጨምቃችሁ ወይም ባዶውን አስገብታችሁ እሰሩ።

እርሳስ ለሚንቀጠቀጥ ቦታም አይሆንም። ሲበየድ በክሮቹ መካከል ተስቦ ከላስቲኩ ሥር ይገባና ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ መተጣጠፉ ሁሉ የደረቀው ክፍል በሚያበቃበት አንድ ነጥብ ላይ ይወድቃል። ወደ ዘጌ ከምትመላለስ ጀልባ የወጣ የውኃ መምጠጫ ፓምፕ ሽቦ ላስቲኩ ደኅና፣ ብየዳውም የሚያብረቀርቅ ነበር። ላስቲኩን ስገፈው ግን ክሮቹ እርሳሱ ባበቃበት መስመር ላይ ተበጥሰዋል፤ ፓምፑን ሲያሠራው የቆየው ሁለት ወይም ሦስት ክር ብቻ ነበር። እዚህ ካፖኮርዳ (ሽቦው ቱቦው ውስጥ ገብቶ የሚጨመቅበት የማያያዣ ጫፍ) መጨመቅና ሽቦውን ከመጋጠሚያው አጠገብ ከጀልባዋ አካል ጋር ማሰር ያስፈልጋል።

ካፖኮርዳን በፒንሳ መጨፍለቅ ግን መጨመቅ አይደለም። ትክክለኛው መጭመቂያ ክሮቹንና ቱቦውን አየር እስከማያስገቡ ድረስ ያዋሕዳቸዋል፤ ፒንሳ ጠፍጥፎ ይተዋቸዋል። ልኩም በላስቲኩ ቀለም ይታይ፤ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5፣ ሰማያዊው ከ1.5 እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይይዛል። ከጨመቃችሁ በኋላ በእጃችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡት፤ ከወጣ ቆርጣችሁ በአዲስ ሥሩ።

በተጨመቀ ካፖኮርዳ ላይ እርሳስ መጨመር ሽቦውን አድርቆ የማስበጠሱን ችግር መልሶ ማምጣት ነው።

እርሳስ ቦታው የሬዲዮና የቻርጀር ሰሌዳ ነው፤ በዚያም ቢሆን ለቧንቧ የሚሸጠውን አሲድ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፣ መዳቡን ይበላዋልና።